እሜቴ ታንግ እስከ ሹመቱ ቀን

ሁለተኛው ወር፣ ቀን 11
የቤተ መንግሥቱን ፈተና ካለፍኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ከሦስት መቶ ሰው ሰባ አራተኛ። ሹመት ግን የለም። ጠዋት የሩዝ ገንፎ በላሁ፣ የሹመት ሚኒስቴር ደጃፍ ቆምኩ፣ ተመለስኩ። ነገም እንደዚሁ።

ቀን 14
ተጠራሁ! ሚኒስትር ታንግ ራሳቸው ናቸው ያስጠሩኝ።
«ዩዋን፣ ፈተናህ ላይ ስለ ወላጅ ክብር የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ግሩም ነው።»
ለሹመት መስሎኝ እጅ ነሣሁ።
«እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቤቴ እየመጣህ መጽሐፍ ታነብላቸዋለህ። ከሥራ ስመለስ እንዴት እንደዋሉ ትነግረኛለህ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የሹመት ዝርዝር ሲወጣ አልረሳህም።»
ሃያ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? ይሁን... ከደጃፍ መቆም ይሻላል።

ቀን 15
አሁን ገባኝ። በር ጠባቂው ነው የነገረኝ፣ እየሳቀ።
እናቱ የሞተችበት ሹም በዚያው ቀን ወንበሩን ለቆ አገሩ ይገባል፤ ሃያ ሰባት ወር ሐዘን ይቀመጣል። ሕግ ነው። ሚኒስትሩ ከሄዱ ወንበሩን የሚይዘው ምክትላቸው ነው። ምክትላቸው ደግሞ የአጎታቸው ልጅ ታንግ ሮንግ። ለአጎቱ ሚስት የሚያዝን ሰው ወንበር አይለቅም። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይንህን ላፈር ተባብለው ነው ያደጉት፤ ታንግ ሮንግ ከተሾመ የሚኒስትሩ ሰው የተባለ ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል። እኔ ከትናንት ጀምሮ የሚኒስትሩ ሰው ነኝ።
ስለዚህ አሮጊቷ እስከ ሦስተኛው ወር ቀን 30 መኖር አለባቸው። አርባ አምስት ቀን።

ቀን 19
ታንግ ሮንግ የተጠበሰ ዝይ ይዞ መጣ። ስቡ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ አሮጊቷ ስብ እንዳይነኩ ብሏል።
«አክስቴ፣ ይብሉ እንጂ! ሐኪም የሚለውን ሰምቶ የጠገበ ሰው አለ?»
ሚኒስትሩ በሌላ በኩል ዕድሜ ያረዝማል የሚባል የጂንሰንግ ሥር ሾርባ ይዘው ገቡ። «ወንድሜ፣ ለእናቴ ያለህ ፍቅር ይገርመኛል» አሉት።
«ካንተ ተምሬ ነው፣ ጋሼ።»
ተቃቀፉ።
ዝይውን እኔ በላሁት። ሥራዬ ነው።

ቀን 27
ታንግ ሮንግ ዛሬም መጣ። በረዶው ሲቀልጥ እንዲያዩ ሐይቁ ዳር ልውሰድዎት ይላቸዋል። በዚህ ንፋስ! ያመጣላቸው ካባ ስስ ሐር ነው።
«ለምን ውሃው ውስጥ አትጥለኝም?» አሉት አሮጊቷ። «እሱ ይፈጥናል።»
ታንግ ሮንግ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሦስተኛው ወር፣ ቀን 6
ለአሮጊቷ ሳነብ አስቆሙኝ።
«ሊቁ፣ ስንት ቀን ቀረኝ?»
«ለምኑ፣ እሜቴ?»
«ለሹመትህ ነዋ! ቂል አድርገህ ነው እንዴ የቆጠርከኝ?»
ሃያ አራት አልኩ። ምን ልበል?
«አንዱ እንድሞት ዝይ ያጎርሰኛል። አንዱ እንዳልሞት ሥር ያጠጣኛል። ምን አማረሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»
«ምን አማረዎት?»
«ቤቴ መግባት።»
የትውልድ አገራቸውን ሻውሺንግን ማለታቸው ነው። ከወጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው። «ስሞትማ በሣጥን ይወስዱኛል። እኔ የምፈልገው መንገዱን እያየሁ መሄድ ነው። ከሣጥን ውስጥ ምን ይታያል?»

ቀን 9
ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ እሜቴ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ። ሰማንያ ያለፋት እናት ልጇ ከሥራው ተነሥቶ አገሯ ወስዶ እንዲጦራት መጠየቅ ትችላለች። ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ ስለ ወላጅ ክብር አዋጅ የሚያስነግሩ ሰው ናቸው፤ እንዴት እንቢ ይላሉ? ሚኒስትሩስ በአደባባይ እናቴን አልጦርም ይላሉ?
«ከዝርዝሩ በኋላ እንጻፈው፣ እሜቴ። ሃያ አንድ ቀን ብቻ።»
«ሙቀቱ ከገባ መንገዱን አልችለውም።»
«እኔስ?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።
«አንተማ ሃያ ስድስት ዓመትህ ነው» አሉ። ቀለሙን ወደ እኔ ገፉት።
ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ስለ ታንግ ሮንግ አንድ አንቀጽ አስጨመሩኝ፦ «በቀን አንዴ ካላየኝ እህል አይወርድለትም። ብንለያይ ልጁን አጣዋለሁ።»
ቀና ብዬ አየኋቸው።
«ምን ታፈጣለህ? ሳይመጣ የቀረበት ቀን አለ?»
ማኅተማቸውን አተሙበት።

ቀን 10
ደብዳቤው እጅጌዬ ውስጥ ነው። አልሰጠሁም።

ቀን 11
ዛሬም።

ቀን 12
ሚኒስትሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ዝርዝሩን አሳዩኝ። ስሜ አለ! ሃንግዡ አጠገብ ያለ ወረዳ፣ ሐይቅ ያለበት፣ ሰዉ ሰላማዊ የሆነ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።
«እናቴ የጠየቁህ ነገር አለ?»
አንድ ቃል ብናገር በቂ ነበር። ደብዳቤውን ከእጅጌዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ባኖረው... ሐይቁ የእኔ ነው።
«የጨው እንቁላል አምሯቸዋል» አልኩ። «የዳክዬ።»
«ይሰጣቸው።»
ወጣሁ። ፈተናው ላይ ስለ ወላጅ ክብር ስምንት ክፍል ያለው ድርሰት ጽፌ ነው ሰባ አራተኛ የወጣሁት። መጥፎ ጽሑፍ አልነበረም። ስጽፈው ግን አንዲትም አሮጊት በአእምሮዬ አልነበረችም።
እግሬ አቤቱታ መቀበያው ድረስ ወሰደኝ። ጸሐፊው ማኅተሙን አየ፣ ተቀበለ፣ አዛጋ። በቃ። ይኸው ነው?

ቀን 18
የንጉሠ ነገሥቱ ቃል መጣ። ጃንደረባው ሲያነብ ቤቱ በሙሉ ተንበርክኳል።
ሚኒስትር ታንግ ክቡር እናታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲጦሩ ተፈቅዷል። በዚህ ዘመን ለአጎቱ ሚስት እንዲህ ያለ ፍቅር ያለው ሰው ብርቅ ስለሆነ፣ ታንግ ሮንግም አብሮ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲያነቡ አልቅሰዋል አሉ።
ሁለቱም ዘጠኝ ጊዜ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ታንግ ሮንግ ከዘጠነኛው ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት።
አሮጊቷ ሁለት ሳህን ሩዝ በሉ።

ቀን 30
ዝርዝሩ ወጣ። የፈረመው አዲስ ሰው ነው፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ጉይዡ ተራራ ውስጥ ያለ ወረዳ ደርሶኛል። ግንብ የለውም፣ ወባ አለው። ከእኔ በፊት የነበረው ሹም ስምንት ወር ቆየ ይላሉ። ቆየ ማለት... አልጠየቅኩም።

አራተኛው ወር፣ ቀን 4
ጀልባው ጋ ሸኘኋቸው። አሮጊቷ ገብተው ተደላድለዋል፤ ታንግ ሮንግን «ትራሱን ከፍ፣ አይ ዝቅ፣ አይ ከፍ» እያሉ ያሠሩታል።
ሚኒስትሩ ተራ ልብስ ለብሰው አጠገቤ ቆሙ። ያለ ሹመት ባርኔጣቸው አጭር ሰው ናቸው።
«ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው እጁ ጥሩ ነው» አሉ፣ ውሃውን እያዩ።
«አዎ፣ ጌታዬ።»
«ወንበሬ ላይ ብሆን ጥሩ ቦታ እሾመው ነበር።»
«ያውቅ ነበር፣ ጌታዬ።»
 ጀልበኞቹ ገመዱን ሊፈቱ ነው።
«የት መደቡህ?»
«ጉይዡ።»
«የወባ መድኃኒት ይዘሃል?»
«አልያዝኩም።»
«በእናቴ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ አለ። ቆይ... እንዳትሄድ!» ብለው በመሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ወደ ጀልባው ሮጡ።
ሚኒስትር ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።