አላበሰሉም፣ አስተማሩ፦ የመምህርት ጄሪዳ ካገሃ አሳቫ የሕይወት ታሪክ

እናታችን መምህርት ጄሪዳ ካገሃ አሳቫ ከአባታቸው ከአቶ ምናሴ ኪሳንያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሬቤካ ካዴንዬ፣ በምዕራብ ኬንያ በማራጎሊ ኮረብቶች ሥር በምትገኘው በዚችው በኬዶሊ መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1954 ተወለዱ። አያታችን የሚያውቁት ረጅሙ ዝናብ ገና ሲጀምር መወለዳቸውን ብቻ ነበር፤ ሚያዝያ 9ን ያደላቸው የመታወቂያ ጸሐፊው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በኬዶሊ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት እንደ ቆዩ በ1971 አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤት ተመለሱ። ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ ሌላ ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ቅጠል ለቅመዋል።

በጥር ወር 1973 የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አዛውንቱ፣ በእኛ የአክብሮት አጠራር ሙዜ ኤልፋስ ኬጎዴ፣ ወደ ቤታቸው መጡ። አንደኛ ክፍል መምህር አጥቶ ልጆቹ ሜዳ ላይ እንደሚውሉ ነግረዋቸው፣ መምህር እስኪመጣ ድረስ ብቻ እንዲይዙላቸው ለመኗቸው። እናታችን «እስኪመጣ ድረስ» ተብለው ገብተው አርባ አንድ ዓመት ቆዩ።

እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ አንደኛ ክፍልን ያለፋችሁት በእርሳቸው እጅ ስለሆነ አሠራራቸውን ላስረዳችሁ አልሞክርም። ሆኖም ሩቅ አገር ሆነው ይህን ለሚያነቡ፦ የመጀመሪያ ቀን የሚያለቅስ ልጅ ካለ ካንጋ በሚባለው ባለ ቀለም መታጠቂያ ጨርቃቸው ጀርባቸው ላይ አዝለው ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። የዚህ ቀበሌ ሹም የሆኑት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ታዝለው እንደነበር ቀበሌው በሙሉ ያውቃል።

በታኅሣሥ 1975 አናጢውን አቶ ዛካዮ አሳቫን አገቡ። አባታችን የመጡት የአንደኛ ክፍልን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግኑ ነበር። ሥራው የሁለት ቀን ሆኖ ሳለ አምስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ወንበሮቹ ዛሬም ይነቃነቃሉ፣ ትዳሩ ግን አርባ ስምንት ዓመት ጸና። አምስት ልጆች ወለዱ። ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ ልጃቸው ሚዴቫ ነኝ።

በ1992 የማሠልጠኛ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዳያስተምር የሚከለክል ደንብ መጣ። ደንቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ልጆች የሠለጠነ መምህር ይገባቸዋል። ክፉው ነገር የሠለጠነው መምህር ከደንቡ ጋር አብሮ አለመምጣቱ ነው። እናታችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምረው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ማንም ሳይሆኑ ቀሩ። ያን ቀን ወደ ቤት መጥተው ጠመኔ የነካውን ቀሚሳቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተቀመጡ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ሙዜ ኬጎዴ አንድ መላ ዘየዱ። በቃለ ጉባኤው ላይ አንደኛ ክፍልን የሚያስተምሩት ርእሰ መምህሩ ናቸው፣ ወይዘሮ ጄሪዳ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሆነው ተቀጥረዋል ተብሎ ተጻፈ። በተግባር ግን እናታችን ክፍላቸውን አልለቀቁም፤ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ብቻ ወደ ማብሰያው ጎጆ ይሮጡ ነበር። ባቄላውን አንድ ሁለቴ ሞክረው አሳርረውታልና ልጆቹም ወላጆችም ተማጽነው ድስቱን ለሌላ ሰው አሰጡ።

በ1993 ተቆጣጣሪው ሳይታሰብ መጣ። አንደኛ ክፍል ገብቶ አንዲት ልጅ ሰባት ላይ አምስት ስንት እንደሚሆን ጠየቃት። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና ብድግ ብላ፣ «ማብሰያ ቤት ሄጄ ልጠይቃቸው?» አለችው። ሰውየው ራሱ ሄደ። እናታችንን ማማሰያ እንደ ጨበጡ አገኛቸው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በከሰል በተጻፉ ፊደላት ተሞልቶ ነበር። ሻይ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። በሪፖርቱም ላይ የማብሰያው ግድግዳ ስለ ጠቆረ ኖራ ይቀባ ብሎ ብቻ ጻፈ። ስሙን ባውቀው ዛሬ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ነበር።

በ1995 ደንቡ እንደገና ተለወጠ። ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ያስተማረ ሰው በዕረፍት ወራት ሠልጥኖ ምስክር ወረቀቱን ሊወስድና እንደ ማንኛውም መምህር ሊመዘገብ ተፈቀደ። ማስረጃው የየዓመቱ ቃለ ጉባኤ ነበር። እናታችን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል፤ በወረቀት ግን አሥራ ዘጠኙ ብቻ የማስተማር፣ ሦስቱ የማብሰል ነበሩ። ሊያድናቸው የተጻፈው ነገር በሩን ዘጋባቸው።

ርእሰ መምህሩ ሦስቱን ገጾች ቀድዶ በሌላ መተካት ቀላል እንደሆነ ተናገሩ። በሌላ መንደር ቢሆን ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። የእኛ ኮሚቴ ግን እንደ ወዳጆች፣ ማለትም እንደ ኩዌከሮች ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚሠራ ነው፦ ድምፅ አይሰጥም፣ ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል፣ ልብ ሲገጥም ሊቀ መንበሩ ራሱ እዚያው ጽፎ ያነባል፣ የተነበበውም ቃል እንደ መሐላ ይቆጠራል። ሙዜ ኬጎዴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ዋሽተው ጻፉ መባል ለእርሳቸው ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ከተነገረ የጉባኤ ጸሐፊነት ብዕራቸውን ማስቀመጥ ነበረባቸው።

ኮሚቴው በአንደኛ ክፍል፣ በእነዚያው በሚነቃነቁ ወንበሮች ላይ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ጋር መጥቼ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በመጨረሻ እናታችን ተነሡ።

«ሙዜ፣ እኔ ማብሰያ ቤት እቀራለሁ። ለእኔ ብለው ባደረጉት ነገር በሰው ፊት ሲዋረዱ ማየት አልችልም» አሉ።

ሙዜ ኬጎዴ ቀና አሉ። «ምዋሊሙ፣ ተቀመጪ» አሏቸው። ምዋሊሙ በእኛ ዘንድ መምህር ማለት ነው፤ ያን ሦስት ዓመት ማንም ጮክ ብሎ ያልጠራቸው ስም ነበር። «የተዋረድኩት ያን ቀን ስጽፈው ነው። አንቺንም አብሬ አዋረድኩሽ።»

ከዚያም ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉና ቆመው አነበቡ፦ «እኛ የኬዶሊ ትምህርት ቤት ኮሚቴ አባላት ወይዘሮ ጄሪዳ ከ1992 እስከ 1995 አብስለዋል ብለን ጽፈናል። ውሸት ነው። አላበሰሉም፤ የቀመሰ ያውቃል። አስተምረዋል።» ማንም አልሳቀም፤ እናታችንም አልሳቁም። ሁሉም እየተነሣ ፈረመ።

የትምህርት ቢሮው ቃሉ በዳኛ ፊት በመሐላ ይረጋገጥ አለ። ሙዜ ኬጎዴ ሄዱ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሲቀርብላቸው ግን እጃቸውን አልጫኑበትም። የወዳጆች ሰው አይምልም፣ እውነቱን ያረጋግጣል እንጂ። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጸሐፊ ዋሽቻለሁ የሚል፣ ማል ሲሉት ደግሞ ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚል ሰው አይቶ እንደማያውቅ ለብዙ ዓመታት ሲያወራ ነበር። በዚያው ሳምንት ሙዜ ኬጎዴ በገዛ ፈቃዳቸው የጉባኤ ጸሐፊነታቸውን ተዉ። ቤተ ክርስቲያኑ በስምንተኛው ወር ብዕሩን መልሶ ሰጣቸው። ሙዜ እስኪያርፉ ድረስ እናታችን በየእሑዱ የበሰለ ሙዝ ይዘው ይጠይቋቸው ነበር።

እናታችን ሦስት ዓመት በዕረፍት ወራት ማሠልጠኛ ተመላለሱ። አብረዋቸው ከገቡት አራቱ እርሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ነበሩ፤ ፈተና ላይ እንዳይኮራረጁም ከኋላ ሆነው ይቆጣጠሯቸው ነበር ይባላል። ሒሳቡን ማታ ማታ ከእኔ ጋር ነበር የሚያጠኑት። ስሳሳት ይቆጡኛል፣ ሲሳሳቱም የሚቆጡት እኔኑ ነበር። በ1999፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው የተመዘገቡ መምህርት መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። በማግስቱ ወደ ክፍል ሲሄዱ እንደ ሌላው ቀን ነበሩ፤ አዲስ ጫማ ከማድረጋቸው በቀር።

በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ጡረታ ሊወጡ ሲዘጋጁ መንግሥት የጡረታ ዕድሜን ወደ ስድሳ ከፍ አደረገ። ደንብ አንድ ቀን እንኳ ለእርሳቸው አድልቶ መለወጡ በጣም አሳቃቸው። በ2014 በክብር ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ስኳርና የደም ግፊት አድክሟቸው ዓይናቸውም ፈዝዞ ነበር፤ ሆኖም የልጅ ልጆቻቸውን ደብተር በጣታቸው እየዳሰሱ አጥብቆ የሚጽፈውንና በስንፍና የሚጽፈውን ይለዩ ነበር። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሞች ሲረዷቸው፣ እኛም በተራ ስናስታምማቸው ቆይተን የካቲት 11 ቀን 2024 በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እጃቸው በአባታችን እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። እናቴን በጣም ነው የምወዳት፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ይባል ወይም አይባል እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤታቸውን አቶ ዛካዮ አሳቫን፣ አምስት ልጆችን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እኅት ትተው ሄደዋል።

በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ከስማቸው ሥር የታተመው ስድስት አኃዝ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ስለሚኖር እናገራለሁ። የመምህርነት መዝገብ ቁጥራቸው ነው። አባቴ ይግባ ሲሉኝ ተከራክሬያቸው ነበር። «አባዬ፣ ይህ እኮ የቢሮ ጉዳይ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያለ ቁጥር ያውቃታል» አልኳቸው። አባቴ ብዙ ቃል የማይወዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ለእግዚአብሔር አይደለም። እሷ ታየው ዘንድ ነው» አሉኝ።

ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚቀበል አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።