የአባባ ወገብ

ሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ሱቅ ከፈትኩ። የጨርቁን ጣቃ ከላይኛው መደርደሪያ ብቻዬን አወረድኩ፤ ማስታወሻዬ፣ ብቻዬን! ባለፈው ወር ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ስነጫነጭብሽ ነበር። የሆስፒታሉ (ሆ/ል) ፊዚዮቴራፒስት በጎኔ አስተኝቶ፣ ትከሻዬን ወዲያ ዳሌዬን ወዲህ አድርጎ ቀጭ! በቃ። ለገበያተኛው ሁሉ ይህንኑ እያወራሁ ነው። አባባን ከአገር ቤት፣ ከገሳይ አስመጣለሁ። ከክረምት ወዲህ የሳቸውም ወገብ ቀና አያደርጋቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8
አባባ መጡ። ሆ/ል ወሰድኳቸው። ባለሙያው ራጅ አስነስቶ አየና እምቢ አለ። ያንቺ የጡንቻ መያዝ ነበር፣ የሳቸው ግን አጥንታቸው ሳስቷል፣ እንዲህ ያለ ወገብ አይጠመዘዝም አለኝ። መድኃኒት፣ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ፣ ትዕግሥት። ተናደድኩ። ለኔ ሲሆን የቀለለው እጅ ለአባባ ሲሆን ምን ነካው? እሳቸው እንደሆነ ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ እንግዲያው አገሬ ልግባ አሉ። አይሆንም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት
ወጌሻ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ገና ሳይነካቸው ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ፣ ምን እንዳለም ጠየቀኝ። ምንም አላለም አልኩት። ይመልሰናል ብዬ ነዋ! አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አሸ፣ በጉልበቱ ደግፎ ጠመዘዘ። አባባ ጮኹ። አባባ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። በባጃጅ ስንመለስ ጎማው በነጠረ ቁጥር ያቃስታሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14
ሆ/ል። ሌላ ራጅ። አንዱ የወገብ አጥንት ተሰብሯል። ባለሙያው አልተቆጣኝም፤ ምነው በተቆጣኝ። አሁን ለሽንት እንኳ እኔው ነኝ የማነሣቸው። ያፍራሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ምንም አላለም ስል ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሐሙስ፣ ኅዳር 16፣ 9 ሰዓት
ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ከገሳይ መጣ። ገና ከበሩ፣ ማነው ወጌሻ ዘንድ የወሰዳቸው ብሎ አፈጠጠብኝ። አፌን ሳልከፍት አባባ ከአልጋቸው ላይ፣ «እኔ ነኝ ውሰጅኝ ብዬ ያስቸገርኋት። ሐኪሙማ ከልክሏት ነበር። እሷን እንዳትናገራት» አሉ። ደምሴ አቅፎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ማስታወሻዬ፣ ይቅርታውን ተቀበልኩት! አባቴ በስተርጅና በኔ ምክንያት ዋሹ።

ደምሴ ግቢ ውስጥ አንሶላቸውን እያጠበ ነው። እህቴ ባትኖር ማን ያስታምማቸው ነበር እያለ ለአንዲት ጎረቤታችን ያወራል። ይሰማኛል። በቃ፣ አልችልም። አሁኑኑ ወጥቼ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ እዚያው ጎረቤቷ ፊት።