ምልክቱን አይቼዋለሁ

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፣

የገደብ ብርድና ያ ሳልህ እንዴት ይዘውሃል? እሸት ቡና ስትመዝን ውለህ ማታ የሚበላ ታገኛለህ? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ እኔም ከናፍቆትህና ከቅናቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ብደውልልህ በድምፄ ታውቅብኛለህ፤ ስለዚህ ይህን ለሚኒባሱ ሾፌር ለኸይረዲን ሰጥቼዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለእሑድ መጥተህ ገላህን ስትታጠብ ስልክህ ላይ መልእክት ገባ። «ምልክቱን አይቼዋለሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ሐሙስ ብቅ በል። ሔርሜላ» ይላል። ደሜ ፈላ! የምን ምልክት? እኔ የማውቀው ምልክት በዓይን የሚሰጠውን ነው። አንተ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንኳ ዓይንህ አያርፍም፤ እኔንም ያገኘኸኝ እዚያው ጠቅሰህ ነው። መልእክቱን አጠፋሁት፤ ቁጥሯንም ብሎክ አደረግሁ። በማግስቱ እኔው ጋ ደወለች። ድፍረቷ! ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ትናንት ቤት ድረስ መጣች። ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ቆንጆ ናት፣ ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ናት። በር ላይ አቁሜ የማልደግመውን ስድብ አወረድኩባት። ጎረቤታችን ድንቅነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሰማች።

ልጅቷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የሳንባ ካንሰርን ገና ሳይሰፋ በደም ምርመራ የሚፈልግ ጥናት ላይ ትሠራለች። አንተም ስለ ሲጋራህ ነግረህ ደም ሰጥተሃቸዋል። ምልክት የምትለው ለካ ደምህ ውስጥ የታየውን ነው! እሱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም አለችኝ፤ ደረትህ ግን ቶሎ በሲቲ ስካን መታየት አለበት።

ለምን ለእኔ እንደምትነግረኝ ስጠይቃት የፈረምክበትን ቅጽ አሳየችኝ። «ውጤቴ የሚነገረው ቅርብ ሰው» በሚለው ላይ ስሜንና ስልኬን ጽፈሃል። «ዝምድና» በሚለው ላይ ሚስቴ ማለት ሲገባህ፣ «ሕመሜን ከእኔ ቀድማ የምታውቅ» ብለሃል። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁንም እቀናባታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ደረትህ ላይ ተኝቼ ያልሰማሁትን እሷ ከአንዲት ብልቃጥ ደም ሰማች።

አዲሱ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሚዛኑን ለሌላ አስረክብና ሰኞ ግባ፤ አብረን እንሄዳለን። እሷ ፊት ግን ዓይንህን ሰብስብ።

ጌታ ደረትህን ይጠብቅልኝ፤ የሰረቅሁብህን ሦስት ሳምንትም አይቁጠርብኝ።

ቀድማ ያላወቀችልህ
ሚስትህ