ሚስተር ዋልተር ያወረሰኝ ስድስት ጎራሽ

የካቲት 28 ቀን 2004

ዛሬ ምንም የለም። ጉልበቴ። ሽሮ። ዝናብ።

ጠዋት ውዳሴ ማርያም ስደግም ላውንደሪ ማሽን ውስጥ የረሳሁት ካልሲ ትዝ አለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከሰዓት ጠበቃ ኮል አደረገልኝ። የሚስተር ዋልተር ጠበቃ። ጥር ላይ ከቀበርነው ወዲህ በሱ ስም የደወለልኝ የለም። አስታማሚው ሆኜ አስፐን ሂል ወዳለው ቤቱ እየተመላለስኩ አራት ዓመት አጠብኩት፣ ላጨሁት፣ አበላሁት። ኑዛዜው ላይ ስምህ አለ አለኝ።

ወንበሩ ነው! ያ ቁልፉን ሲጫኑት እግር የሚያነሳው የቆዳ ወንበር። ለዚህ ጉልበት የታዘዘ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ቫን ከየት ልዋስ?

መጋቢት 1

ወንበሩን የወንድሙ ልጅ ወሰደው። ኦሃዮ የሚኖረው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ብቅ ያላለው።

ለኔ ሽጉጡን።

ጠበቃው የፖሊስ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ ጠበቀኝ። ፈረምኩ፣ ፈረምኩ፣ ፈረምኩ። ሰማያዊ የብረት ሳጥን፣ ከነቁልፉ። ጥይት የለውም፣ ሁለቴ ከፍቶ አሳየኝ።

ሽጉጡን አውቀዋለሁ። ሚስተር ዋልተር ሐሙስ ሐሙስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ብረቱን በዘይት ይወለውል ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሳምንት ሳየው የራሴን ኑዛዜ በልቤ ጨርሼ ነበር። "አትፍራ ጌብ፣ ወረቀት እንጂ ሰው ተመቶበት አያውቅም" አለኝ። ገብረየስ ማለት ከብዶት ጌብ ነበር የሚለኝ። የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነው... ፖስታ ቤት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ብዬ ነበር።

ብረቱን እንጂ የእንጨት እጀታውን አይነካውም። ጥቁር እድፍ እንደያዘ ይተወዋል። እርጅና ነው፣ ረስቶት ነው እል ነበር። ስለ ሚስቱም አያወራም። ዋንጫ ይዛ የተነሳችው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ቦውሊንግ ትጫወት ነበር መሰለኝ።

ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ያዘኝ። "ሽጉጡን... ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለማንም እንዳትሰጠው።" እሺ አልኩት። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል? ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ እንቅልፍ ወሰደው።

እሺ ብያለሁ እንግዲህ።

መጋቢት 2

የት ይቀመጥ? ቁም ሳጥኑ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ለፊት ነው። እያየችኝ? አልጋዬ ሥር ባደርገው ደግሞ እንቅልፍ የለም። በመጨረሻ ኩሽና፣ ከጤፍ ከረጢቱ ኋላ። ሽሮ ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አማትባለሁ። እንደዚህ ጸሎተኛ ሆኜ አላውቅም።

መጋቢት 3

ልጄ ናዝራዊት ደወለች። ምን አስቀባጠረኝ!

"ዋት? ጋን? አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?"

"ውርስ ነው ልጄ።"

"ማሙሽ መዳህ ጀምሯል እኮ! ያ ነገር እዛ ቤት እስካለ አላመጣውም።"

"ቁልፍ አለው።"

"ፔሪየድ። አለቀ።"

የልጅ ልጄን በየእሑዱ ነበር የምታመጣልኝ። አሁን ቀረ።

እኔ ጀርመንታውን፣ እሷ ቤት ሄጄ ላየው እችላለሁ። አልሄድም። ሦስት ዓመት ቤቷ አልረገጥኩም። ደረጃው ለጉልበቴ አይሆንም እላለሁ። ደረጃው አይደለም።

ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። ባለቤቴ የዓለምዘርፍ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ናዝራዊት የእናቷን ነጠላ አጠበችው። ሆስፒታል ለብሳው የነበረውን። ሳትጠይቀኝ። የሚስቴ ጠረን ያለበት ነገር ያ ብቻ ነበር የቀረኝ። አጣጥፋ የሳሙና ሽታ አስረከበችኝ። ምንም አላልኳት። እስከ ዛሬም አላልኳት።

በየቀኑ አባታችን ሆይ እላለሁ። "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እሱ የማይሰማ ይመስል።

መጋቢት 5

ሽጉጡ አየኝ። አየሁት። ወንበሩ ቢሆን ኖሮ አሁን እግሬ ከፍ ብሎ ነበር።

መጋቢት 6

ሐሙስ። እንደ ሚስተር ዋልተር ጋዜጣ አነጠፍኩ። ብረቱ ንጹሕ ነው። እጀታው ግን... መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ሽማግሌው የረሳውን እኔ ልጨርስለት አልኩ። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በድስት መፈተጊያ ሽቦ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ውሃው ቡና መሰለ። ከዚያ በወይራ ዘይት ወለወልኩት። ቅቤ ይሻል ነበር፣ ጾም ሆነብኝ።

አዲስ መሰለ። ሚስተር ዋልተር ቢያየው!

መጋቢት 8

በፈቃዱን ጠራሁት። ከሱ ሌላ መሣሪያ የያዘ ሰው አላውቅም። ታክሲ ከመንዳቱ በፊት ወታደር ነበር። ማዕረጉ በየዓመቱ ይጨምራል። ስንተዋወቅ አሥር አለቃ ነበር፣ አሁን ሻለቃ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

በአንድ እጁ አነሳው። በሁለተኛው ደገፈው።

"ይሄ ሽጉጥ ነው ዘነዘና?"

"አንተ ንገረኝ እንጂ።"

"ተሰብሯል። እየው፣ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበው የመምቻው ጆሮ የለም። ሰውዬህ ጥሎት ነው የሰበረው። መቶ ዶላር ልስጥህና ልገላግልህ።"

"ለተሰበረ ዘነዘና መቶ ዶላር? ምን ልትወቅጥበት?"

"አንተ ሰው፣ ለልጅህ ብዬ ነው! አለዚያም አንድ የማውቀው ጋራዥ ያለው ልጅ አዲስ ጆሮ ይበይድልሃል፣ ያኔ ሦስት መቶ ያወጣል።"

ሊወስድልኝ ተነሳ። ልሰጠው ሳጥኑን ቆልፌ ነበር። ያ "እሺ" ያልኩት ነገር ያዘኝ። የተሰበረ መሆኑን እንጂ ምን እንደሆነ መች አወቅኩ?

ኩርፍ ብሎ ሄደ። ሽሮዬን ከበላ በኋላ ነው ታዲያ።

መጋቢት 12

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን አባ ልሳነወርቅን ጠጋ ብዬ፣ ቤቴ ሽጉጥ አለ አልኳቸው። ደነገጡ።

"ጥይት አለው?"

"የለውም አባ።"

"ሰው ልትገድልበት አስበሃል?"

"በፈቃዱን ትንሽ።"

መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጠንከር አድርገው አሳረፉት። ሊባርኩኝ ነው ሊመቱኝ፣ አልለየሁትም። "ይሸጥ። ስንት ያወጣል?" አሉኝ። አላውቅም ስላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ እንደሚያፈስ ነገሩኝ። ስለ ሽጉጥ ጠይቄ ስለ ጣራ ተምሬ ተመለስኩ።

የነጠላውን አልነገርኳቸውም። ሦስት ዓመት አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 15

ደጀ ሰላም ላይ የሰማሁት የመሣሪያ ጠጋኝ ጋ፣ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ሳጥኑ ተቆልፎ የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ። ከተማውን በሚከበው መንገድ፣ በቤልትዌይ ዞሬ። በፈቃዱ ስንት ጊዜ ነው ያስጠነቀቀኝ፣ "ሽጉጥ ይዘህ በዲሲ ካለፍክ አለቀልህ!" ዳዊት እየደገምኩ፣ ከተፈቀደው በታች እየነዳሁ። ሕዝቡ ሁሉ ጥሩምባ ነፋብኝ።

ሱቁ ከቫኩም ክሊነር ጠጋኝ ጎን ነው። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። የኛ አይደለም፣ የጴንጤ። ባለቤቱ ዓብዩ ይባላል። ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ።

"ይግቡ ጋሼ። ጌታ ይባርክዎ።"

"ባርኮኛል። አንተ ይሄን እይልኝ።"

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አየ። እንደገና አየ። ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ቋት ወደ ጎን አውጥቶ ሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበ።

"አካሉ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው። ፖሊስ ሁሉ ይታጠቀው የነበረ፣ ተራ።"

ልቤ ወረደ።

"አፈሙዙ ግን የፋብሪካ አይደለም።"

ልቤ ተመለሰ።

አንድ ባለሙያ ቀጭኑን አፈሙዝ ፈትቶ ይሄን ወፍራሙን ገጥሞለታል፣ ሲተኮስ እንዳይዘል። ማኅተሙም ይኸው፣ እዚህ ጋ፣ በጣም ትንሽ። ከላይ ሐዲድ የሚመስለው ማነጣጠሪያው ነው አለ። የወረቀት ኢላማ ውድድር ሽጉጥ። ወረቀት! ሰውዬው ነግሮኝ ነበር እኮ...

"መምቻው ግን ተሰብሯል አይደል?"

"ማን ነው የተሰበረ ያለዎ?"

"አንድ ሻለቃ።"

ሳቀ። "ሆን ተብሎ ነው የተቆረጠ። በውድድር ምላጩን ብቻ ነው የሚስቡት፣ አውራ ጣት አያስፈልግም።" አስሳበኝ። እንደ ቅቤ። ጾም ይፍታኝ።

"ቢበየድበትስ ኖሮ?"

"ተበላሽቶ ይቀር ነበር፤ እዚህም አያመጡትም።"

ከዚያ የእጀታውን ብሎን ፈታ። እንጨቱ ለሁለት ተከፈለ። ከውስጥ በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ "ለዶሮቲ። ግራ እጅ። 1979።"

"ዶሮቲ ማን ናት ጋሼ?"

ማን ናት? የሚስተር ዋልተር ሚስት፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽዬ ሴት። ዋንጫዋን በግራ እጇ የያዘችው። አራት ዓመት አቧራዋን ጠርጌያለሁ። ቦውሊንግ!

ዓብዩ እንጨቱን አሸተተው። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

"ይሄ ታጥቧል እንዴ?"

"አዎ። በጣም ቆሽሾ ነበር።"

"በምን?"

ነገርኩት። ሽቦው ጋ ስደርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ያ እኮ የእጇ ላብ ነው። ስንት ዓመት እዚህ ቦታ ስትይዘው የጠቆረ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው እሱን ነው የሚፈልገው። እንዳለ ቢመጣ ስምንት መቶ ሃምሳ እለው ነበር። አሁን ስድስት መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ ዶላር አጥበው ደፉ።"

"ለማሠራትስ ይሄን ያህል ነው የሚፈጀው?"

"ኧረ ስንት እጥፍ! ግን ለአንዲት ሴት እጅ የተሠራ ነው። ለሌላ ሰው አይመችም፣ ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል።"

ገዢ እንዲፈልግለት ሱቁ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ቫኩም ክሊነር ጠጋኙ ወጥቶ ደኅና ነህ ወይ አለኝ።

መጋቢት 16

ረስቶት አልነበረም።

ሐሙስ ሐሙስ ብረቱን ይወለውላል፣ እንጨቱን ይተወዋል። እያወቀ። እኔ ፈልጌ፣ አስቤ፣ ውሃ አሙቄ የሰው ሚስት እጅ አጠብኩ። በድስት ሽቦ! ደግሞ ኮርቼ። "ሚስተር ዋልተር ቢያየው" ብዬ እላይ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ናዝራዊትን ሦስት ዓመት ሙሉ... እሷ ቢያንስ የተጠቀመችው ለስላሳ ሳሙና ነው።

ቅዳሴ ላይ አባታችን ሆይ ስንል ድምፄን ከፍ ለማድረግ ሞከርኩ። ሳል መጣብኝ።

መጋቢት 20

በፈቃዱ ደወለ። ነገርኩት። "የውድድር ነው አላልኩህም?" አለኝ። ሻለቃነቱ ጸደቀ።

መጋቢት 29

ዓብዩ ገዢ አገኘ። ሄድኩ። ወፍራም ሽማግሌ ነው፣ ኦክሲጅን በአፍንጫው የሰካ። በወጣትነቱ እንዲህ ያለ ውድድር ላይ ይተኩስ ነበር። ዓብዩ የዶሮቲን ስም ሲያነብለት፣

"ዶት? ያቺ ድንክ? ስድስት ዓመት በተከታታይ ነው ያሸነፈችኝ!" አለና ቱቦው እስኪወልቅ ሳቀ። ፖሊስ ነበረች አለ። ባሏ ዳር ቆሞ ሳንድዊች ይዞ ይጠብቃት ነበር። አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅም።

ምን እንደሆነ አወቅኩ እንግዲህ። የማን እንደሆነም። እሺ ያልኩትን ፈጸምኩ።

ወረቀቱን ዓብዩ ጨረሰ። ሽማግሌው መዳፉ እንደ ድስት ክዳን ነው፣ እጀታው አልበቃውም። ሌላ ገጠሙለት። ሁለቱን እንጨት ዓብዩ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"እነዚህ ዋጋ የላቸውም ጋሼ። ይውሰዷቸው።"

ብሩን ለጣራው ሰጠሁ። አባ ልሳነወርቅ ሌላ መሣሪያ እንዳለኝ ጠየቁኝ።

ሚያዝያ 5

ስቅለት። ስግደት። አርባ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ካደ። ግራው ቀጠለ።

ማታ ለናዝራዊት ደወልኩ። ሽጉጡ ሄዷል አልኳት። "እሑድ እናመጣዋለን!" አለች። አይ፣ እኔ እመጣለሁ አልኩ። "ደረጃውስ?" አለችኝ።

ሚያዝያ 7

ፋሲካ። ጀርመንታውን ሆኜ ነው የምጽፈው። ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ጉልበቴን ምንም አላለኝም። ሐሰተኛ ጉልበት።

ዶሮ ወጥ በላን። እንጨቶቹን አውጥቼ ለናዝራዊት ላሳያት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ማሙሽ አንዱን ላፍ አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተው። ጥርስ እያወጣ ነው። የስድስት ዓመት አሸናፊዋን እጀታ ያኝካል።

ናዝራዊት ነጠቀችው። "አባዬ ይሄ ክሊን ነው? ላጥበው!" ወደ ቧንቧው ስትሄድ፣

"አትጠቢው!" ብዬ ጮህኩ።

ማሙሽ አለቀሰ። እሷ ቆማ ቀረች። ያኔ ነው የወጣው። ስለ ዶሮቲ ልነግራት ጀምሬ ስለ ነጠላው ሆነ። ሦስት ዓመት የያዝኩት፣ ከነሳሙና ሽታው።

ከቧንቧው ሳትዞር አዳመጠችኝ።

"ደም ነበረው አባዬ" አለች። "በመጨረሻ ስታስል... ብዙ ደም ነበረው። አንተ ስትመጣ እንዳታየው ብዬ ሸሸግኩት። ሁለቴ ነው ያጠብኩት።"

አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝ። ሁለታችንም ደረጃ ስናወራ።

ማሙሽ እጁን ወደ እንጨቱ ዘርግቶ ይጮሃል። እናቱ ፊቷን በክርኗ ጠረገች። እንጨቱን እንደያዘች አየችኝ።

"እጠቢው" አልኳት። "ብቻ በሽቦ እንዳይሆን።"