በቁምሽ የተለቀሰልሽ ለቅሶ

ውድ እማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እንዴት ነሽ? ምግቡ መውረድ ጀመረልሽ? ይህን በስልክ ብጠይቅሽ «አልሐምዱሊላህ» ትዪና ወሬውን ወደ ፍየሏ ታዞሪዋለሽ። ፍየሏ ደህና ናት። ስለ ጁምዓው ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳሽብኝም፤ እኔም ላነሳው ስል አፌ እየተሳሰረ ተቸገርኩ። ስለዚህ ልጻፈው ብያለሁ። የሚያነብልሽ ዘይኑ መሆኑን አውቃለሁ። ዘይኑ ወንድሜ፣ ሳትዘል አንብብላት፤ የምትዘላት የትኛዋ እንደሆነች አላጣትም።

እማ፣ ግራ ገብቶኛል። የደሴው ሐኪም «የጡት ካንሰር ነው፣ አዲስ አበባ ውሰዷት» ካለን ጀምሮ ልቤ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። ዘይኑ ሥራውን ጥሎ ይዞሽ ሄደ፤ እኔ ቤቱንና የስፌት መኪናዬን ይዤ ከሚሴ ቀረሁ። ሰፈሩ እንዴት እንደተረባረበልን አንቺም ታውቂያለሽ። የአያ ሙሀመድአሚን የእህት ልጅ በዓይኑ አይቶሽ ሳያውቅ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለቀቀልሽ። ደም ሲያስፈልግሽ አዲስ አበባ የሚማሩት የሰፈራችን ልጆች ተሰልፈው ሰጡ። እኔ ጋ ደግሞ ሴቱ ሁሉ ቀሚስ ካላሰፋሁ አለ። ቀሚሱ አስፈልጓቸው ይሁን እኔ አሳዝኛቸው እስካሁን አላወቅሁም፤ ብቻ እሰፋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛውን ኬሞ ወስደሽ ስትጨርሺ ደወልሽልኝ። «ሦስተኛውን አልወስድም፤ ወደ ቤቴ አምጡኝ» አልሽ። ሕመሙ የበረታብሽ መስሎኝ ላጽናናሽ ስጀምር አቋረጥሽኝ። «ሕመሙን እችለዋለሁ ሪሀና። እኔ አላህን የምለምነው አሟሟቴን እንዲያሳምረው ነው። እዚህ ብሞት ማን ያለቅስልኛል? የፊት ለፊቷ ጎረቤት ስሜን እንኳ አታውቀውም።» ስልኩን ዘጋሽው።

ዘይኑ ደግሞ ከሥር ደወለ። ዶክተሯ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ እብጠቱ ቀንሷል፣ አሁን ካቋረጠች ግን ተመልሶ ይበረታል ብላዋለች። እማ፣ እኔ ምን ልበል? ጠዋት ነይ ልልሽ እነሳለሁ፤ ቀትር ላይ ቆዪ ልልሽ ቁጥርሽን እነካለሁ፤ ማታ አንዱንም ሳልልሽ እተኛለሁ። ነይ ብዬሽ ብትሞቺብኝስ? ቆዪ ብዬሽ እዚያው ብትሞቺብኝስ? የሰው ቀሚስ እጅጌውን ባንገቱ በኩል ሰፍቼ እስከመፍታት ደርሻለሁ።

በመጨረሻ አያ ሙሀመድአሚን ጋ ሄድኩ። የቅሬያችን ዳኛ ናቸውና ሰው ሲሞትብንም ስንጣላም የምንሄደው እሳቸው ጋ ነው። አዳመጡኝና «እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ነይ ወይ ቆዪ ብዬ አልፈርድባትም። ዱዓ ማድረግ ግን እንችላለን። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ደጃችሁ ላይ እንቀመጣለን» አሉኝ።

«ቤታችን ጠባብ ነው አያ፣ ውጪው ደግሞ ፀሐይ ነው። የቅሬው ድንኳን ቢወጣልንስ?»

ፊታቸው ተለወጠ። «የቅሬ ድንኳን ለሞትና ለሠርግ ነው ልጄ። ለታመመ ሰው ወጥቶ አያውቅም። ደስ አይልም።» ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። ላባቸውን ጠረጉ። «እሺ ይሁን፤ ይሄ ፀሐይ ከኛ ውስጥ አንዱን ገድሎ ድንኳኑን ሳያስወጣው በፊት እኛው እናውጣው» አሉ።

ጁምዓ ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል። ዘይኑ ደወለልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሼሁ ፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ «አሚን» ይላል፤ ያንቺ ቀጭን «አሚን» ደግሞ ከኋላ ከኋላ ይደርሳል። ከሁሉ ዘግይታ የምትመጣዋ ያንቺ ስለነበረች እሷን እየጠበቅሁ ነበር የምተነፍሰው።

አክስቴ መሪማ የደረሰችው ያኔ ነው። ለዱዓ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ስለ ድንኳኑ ግን አልነገርኳትም፤ እንዴት ይታሰበኛል? ከሰንበቴ ከተማ መጥታ፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዛ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ የቅሬው ድንኳን በራችን ላይ ተተክሎ አየች። ባጃጁ ሳይቆም ዘላ ወረደች።

«እህቴን! ረቢአዬን! ሳላይሽ ሄድሽ?» ደረቷን እየደቃች ወደ ሴቶቹ ገባች። «ድስትሽ እኔ ጋ ነው እህቴ! አልወሰድኩም ብዬ የማልኩብሽ ድስት እኔ ጋ ነው!»

ያ ትልቁ ድስት፣ እማ። ስንት ዒድ እስኪያልፍ ሁለታችሁ የተኮራረፋችሁበት።

አሁን የምነግርሽን እኔም ራሴ አላምነውም። ሴቶቹ መሪማ ከአዲስ አበባ አንድ ነገር የሰማች መሰላቸውና አብረው ጮኹ። ወንዶቹ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። እኔስ? አሚንሽን አሁን የሰማሁት እኔ፣ ስልኩን በእጄ ያስቀመጥኩት እኔ፣ ዘይኑ ከኔ ደብቆ ለመሪማ የነገራት መሰለኝ። መሬት ላይ ወደቅሁ። ሻሼ ወለቀ። «እማ፣ ነይ ሳልልሽ! እማ፣ ነይ ሳልልሽ!» ነበር የምለው። አንዷ ምጥ ላይ ሆና እጇን ይዘሽ ያደርሽላትን እያነሳች ታለቅሳለች፤ ሌላዋ «ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል?» ትላለች። ይህን ያህል ሰው ትቆጪ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሼሁ «ዝም በሉ! ዋይታ ሐራም ነው!» ቢሉም የሚሰማ አልነበረም።

ከዚያ ከምንጣፉ ላይ ድምፅሽ መጣ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?»

እማ፣ ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሼሁ ስልኩን አነሱ። «ረቢአ፣ ማንም… እንዲያው አንቺ… ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ። መሪማን ድስቱን አስረክቢ በሏት» አልሽ።

ሰዉ ይስቅ ይሁን ያልቅስ አልለየለትም። መሪማ ስልኩን ደረቷ ላይ አቅፋ «እመልሳለሁ፣ ወላሂ እመልሳለሁ» እያለች ትንሰቀሰቃለች። አያ ሙሀመድአሚን ብቻ ጥግ ይዘው «ብዬ ነበር፤ ድንኳኑ ደስ አይልም ብዬ ነበር» ይላሉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ዘይኑ በኋላ እንደነገረኝ፣ ጩኸቱ ሲጀምር ስልኩን ሊዘጋው ሲል እጁን ይዘሽ «ተወው፣ ልስማ» ብለሽዋል። ፊትሽን በሻሽሽ ሸፍነሽ ሁሉንም ሰምተሻል። ከሥሩ ትስቂ ይሁን ታለቅሺ ማወቅ አልቻለም። በማግሥቱ ግን ከአልጋሽ ተነሥተሽ «ያ መድኃኒት መቼ ነው የሚሰጡኝ?» አልሽው። ሦስተኛውንም ወሰድሽ።

እኔ ይሄ አልገባኝም፣ እማ። ሰው የራሱን ለቅሶ ሰምቶ ይጽናናል? ወይስ ልብሽን ሰብረነው ዝም ብለሽን ነው? ማን ያለቅስልኛል ላልሽው መልሱን ሰማሽና እዚያ መቆየቱ ቀለለሽ ልበል? ይህን ደብዳቤ ስጀምር ይቅርታ ልልሽ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ላመሰግንሽ አማረኝ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ተቀበይኝ።

ቅሬው ባለፈው ሲሰበሰብ ባንቺ ነገር ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ድንኳኑ የወጣው ለዱዓ ነው ይላል፤ ሌላው ከተለቀሰበት ለቅሶ ነው ይላል። አያ ሙሀመድአሚን ሁሉንም አዳመጡና ፈረዱ፤ እንዳሉት አድርጌ እጽፍልሻለሁ። «ለረቢአ ድንኳን ወጥቷል፣ ተለቅሶላታል። ቅሬው ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አያወጣም። ስለዚህ ሕክምናዋን ጨርሳ ትምጣ፤ ቸኩላ ብትሞት ግን የቅሬውን ደንብ ጥሳለችና ቅጣት አለባት በሏት። ረቢ ሃ ፈዪሱ፤ አላህ ያሽራት።» ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ ግን እንደ ለመደብኝ ያንቺን አሚን ልሰማ ጆሮዬን አቁሜ ቀረሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ መሪማ ናት። ዘይኑን አሳርፋ እስከምትጨርሺ ካንቺ ጋር ትቀመጣለች። አውቶቡስ ላይ ያስቸግርሻል ብንላትም ድስቱን ይዤ ካልሄድኩ ብላለች፤ አትቆጫት። ወይም ተቆጫት፤ ቁጣሽ ለሁለታችሁም ሳይሻል አይቀርም።

እማ፣ ነይ ወይ ቆዪ ማለት ለካ አሁንም አልሆነልኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። «ማነው የሞተው?» እስክትዪ ድረስ ያለችውን ጊዜ አንቺ በሌለሽበት ዓለም ኖሬባታለሁ። እዚያ መመለስ አልፈልግም። መድኃኒትሽን ጨርሺና ነይ፤ የድንኳኑ ካስማ የወጣበት ጉድጓድ በራችን ላይ እንዳለ ነው፤ እግርሽ እንዳይገባበት ሳትመጪ እደፍነዋለሁ።

አሚንሽን የምትጠብቀው ልጅሽ፣
ሪሀና
ከሚሴ