የቅዳሜው ጭኮ

ውድ እትዬ ጋዲሴ፣

ስልክ ብደውል እንደምጮኽ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ። ወንድምሽ ጎንፋ ሰሞኑን ጥርጣሬ ውስጥ ከቶኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ «የጋዲሴን መኪና ልይላት» ብሎ ከቤታችን ከሴንት ፖል አንቺ ዘንድ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ድረስ ይመጣል። ምን ዓይነት መኪና ነው በየሳምንቱ የሚታመመው? ሲመለስ ራት አይበላም፤ «ዳይት ላይ ነኝ» ይለኛል ኮራ ብሎ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ጨምሯል፤ ሸሚዙም ቅቤ ቅቤ ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሌላ ሴት የያዘ መስሎኝ አልቅሻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተከትዬው መጣሁ። እሱ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ፊቱ አስቀምጦ ይበላል፤ አንቺ ቆመሽ «ጨምር» ትይዋለሽ።

«ኧረ እግዜርን ፍሩ!» አልኩ።

«በዚህ ዘመን የከሳ ሰው ምን እንደሚባል አታውቂም?» አልሽኝ። «ኤድስ ይዞታል ብለው ማውራት ጀምረዋል!»

እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ሮማ፣ ዳይት ማድረጌን ለስንቱ ኤክስፕሌን አደርጋለሁ?» አለ።

ጥያችሁ ወጣሁ። በየድግሱ ሴቶቹ እኔን ከላይ እስከ ታች የሚያዩኝ ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። መጀመሪያ ላይ ከስቶ ሱሪው ሲሰፋው እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ፍሪድሊ ያለው መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲሠራ ውሎ እግሩ ያበጠ ጊዜ ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። «በጣም የወፈረ ሰው ደሙ ቶሎ ይረጋል፤ የረጋውም በቀላሉ አይሟሟም። ተነሥቶ ሳንባው ውስጥ ከገባ ሊገድለው ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። ክኒኑን እየዋጠ ክብደቱን ካልቀነሰ እንደገና ሊመጣበት እንደሚችልም ነግሮኛል። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ስለምትወጂው እንደምታበይው አውቃለሁ። ሐሜቱን ግን ለእኔ ተዪው። ለቅሶ ተቀምጬ «እንዴት ያለ ደልዳላ ሰው ነበር» ሲሉኝ ከምሰማ፣ «የሮማነወርቅ ባል ከሳ» ሲሉ ብሰማ ይሻለኛል።

ቅዳሜ አብሬው እመጣለሁ። ጭኮ የለም፤ ሦስታችንም ወጥተን እናንተ ሰፈር ያለውን ሐይቅ በእግር እንዞራለን። ያየ ይይ።

ከእንግዲህ መኪናሽ ከተበላሸ ለእኔ ደውዪ።

የወንድምሽ ሚስት፣
ሮማነወርቅ