ሲሞቅ ስለሚጮኸው ሳጥን

ለተከበሩ የኬላችን የፍተሻ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና መላ ቤተሰብዎ በዚህ በቆላው ሙቀት እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ነው የምለው፤ ሌላ የምለው ስላልመጣልኝ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ከጎንደር ስወርድ ሽቦ የበዛበት ሳጥን ይዤ የተገኘሁት የሸሕዲው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ባየልኝ ነኝ። ሳጥኑን የሠራሁት ለባለቤቴ ለአገኘሽ ነበር። አገኘሽ ስኳር ነበረባት። በየቀኑ የምትወጋው ኢንሱሊን ከሞቀ ይበላሻል፤ የምናገኘውም ጎንደር ድረስ ሄደን ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ሙቀት ደግሞ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

የተበላሸ ራዲዮ መፍታትና የማይገጥመውን መግጠም የቆየ አመሌ ነው። አንድ ክረምት ከማሽላው ላይ ወፍ የሚያባርር ድምፅ ማጉያ ሠርቼ፣ ወፎቹ መጥተው እላዩ ላይ ቢያርፉበት አገኘሽ ሆዷን ይዛ ስቃብኛለች። ይህኛው ግን ሠራ። አሮጌ የበረዶ ሳጥን፣ የባጃጅ ባትሪ፣ ከኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንድ ፊቱ የሚቀዘቅዝ ስስ ሰሌዳ፤ በቃ ይኸው ነው። ውስጡ ሲሞቅ ደግሞ መድኃኒቱን አድኑት እንዲል የሚጮኽ ነገር ገጠምሁለት። አገኘሽ ጩኸቱን የጎረቤታችን ፍየል ነው የሚመስለው ትል ነበር።

እንግዲህ ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን፣ ካልከበደዎትም ጥቂት ቅሬታዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የሚሽከረከር ነገር ስለሚያጠራጥር ማራገቢያውን አስቁማችሁ ሳጥኑን ከነመድኃኒቱ ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ላሳያችሁት ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ። መድኃኒት ነው ብዬ ማስረዳት በጀመርሁ ጊዜም ነገሩን ባለሙያ እንደሚያየው በትሕትና ተነግሮኛል።

2ኛ. ሳጥኑ እንደተሠራለት ሞቆት ሲጮኽ፣ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ጫማቸውን ጥለው ሲበተኑና ባልደረቦችዎ ከቦዩ ውስጥ ሲተኙ፣ ጥበቃው አቶ ቢሻው ብቻቸውን የፈጸሙትን ጀግንነት ሳላነሣ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ከዚሩ፣ ከሸክላው የመጠጥ ውኃ ጋን፣ ውኃ ቀድተው፣ ጆንያ አርሰው፣ ሁላችንም የመጠጥ ውኃ ጀሪካናችንን እንደምናደርገው ሳጥኑን ሸፈኑት። ቀዘቀዘና ዝም አለ። ፈንጂው ከሸፈ ተብሎ ተጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ፤ መድኃኒቱ ለጊዜውም ቢሆን ተርፎ ነበርና። በዚያ ቀን ሳጥኔ ምን እንደሚፈልግ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሳያውቁት ነው።

3ኛ. ሆኖም ጆንያው ሲደርቅ እንደገና በመጮኹ፣ የሕዝቡን ሰላም ለመጠበቅ ሲሉ የጩኸቱ ሽቦ እንዲቆረጥና ሳጥኑ ምርመራው እስኪያልቅ ቆርቆሮው መጋዘን እንዲገባ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ምንም አላለም።

4ኛ. ሰንብታችሁ ጠርታችሁኝ ሳጥኑን ለተጨማሪ ምርመራ አስቀርታችሁ፣ መድኃኒቱን ግን አንዲት ብልቃጥ ሳትጎድል አስረክባችሁኛል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ታማኝነት ከየት ይገኛል? ብልቃጦቹ በእጄ ላይ ትኩስ ነበሩ። ጤና ጣቢያው ሌላ አልነበረውም፤ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በዚያው ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ነርሷ ጨርሶ ከማጣት ይሻላል አለች። አገኘሽም ተወጋችው፤ መጠኑን ጨምራም ተወጋችው። ውኃ እንደመወጋት ነበር።

5ኛ. መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና አሳፈርኋት። ኬላዎ ላይ ስንደርስ እንደ ደንቡ ሁሉም ሰው ወርዶ ተፈተሸ፤ ለእሷ የተለየ ነገር አልተደረገም፣ አድልዎ አልነበረም። በሁለት ሰው ትከሻ ቆማ ተፈተሸች። ከባልደረቦችዎ አንዱ አውቆኝ እጅግ በአክብሮት ሰላም ካለኝ በኋላ ኤሌክትሮኒክስ ነገር ይዘን እንደሆነ ጠየቀኝ። አልያዝንም አልሁት። እውነቴን ነበር። ከኬላው ብዙም ሳንርቅ አረፈች። ሾፌሩ ወደ ሸሕዲ ሲመልሰን ደግሞ ሳትፈተሽ አለፈች፤ ስለዚህ ትብብር ለብቻው አመሰግናለሁ።

6ኛ. ለለቅሶው አዋጥታችሁ ስኳር ልካችኋል። ስኳር ከቤታችን ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነበር። ለቀስተኛው ሻዩን አጣፍጦ ጠጥቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የምጠይቀው ካሳ የለኝም፤ እንዲቀጣልኝ የምፈልገውም ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን የምናደድ መስሎኝ ስጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ጧት ወፍጮዬን አስነሣለሁ፣ ማታ አጠፋለሁ። ጎረቤት የተበላሸ ራዲዮ ሲያመጣልኝ እቀበለዋለሁ፤ ሳልከፍተው መደርደሪያው ላይ ይከርማል። ይህን ደብዳቤ እንኳ የጻፍሁት ምስጋና መዋጥ ነውር ስለሆነ ነው።

በሥራዎ የበለጠ እንዲበረቱ፣ ቤትዎን ሕመም እንዳይረግጠው ከልብ እየተመኘሁ፣ የትኛውንም ፍተሻ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው የዘወትር ታዛዥዎ፣

ባየልኝ ደምለው
ከሸሕዲ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሰልስቷ በኋላ የሳጥኑን ነገር ልጠይቅ ቢሮዎ ጎራ ብዬ ነበር፤ ምሳ ወጥተው ደረስሁ። ሳጥኑ ጠረጴዛዎ ላይ ነበር፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ውስጡም የሚጠጡት የታሸገ ውኃ አለ። ምርመራው በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ መሆኑን አይቼ ሳልነካው ተመለስሁ። ጠርሙሱን በስተግራ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ቀኝ በኩል እምብዛም አይቀዘቅዝም። የእሷን የማስቀምጠው በስተግራ ነበር።